ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ወደ በረራ ትምህርት ቤት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃን ከተማም ሆነ በአንኮበር ተራሮች ላይ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ዛሬም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትገኙና አንድ ቀን አውሮፕላን ለማብረር፣ ለመጠገን ወይም ከማማ ላይ ሆናችሁ ለመምራት የምትመኙ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተና ለወላጆቻችሁ የተሰናዳ መመሪያ ነው። ዓላማው የአብራሪነትን ክብር ማወደስ አይደለም፤ ክብሩንማ ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ሙያው የሚያስገቡት በሮች የትኞቹ እንደሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በምን እንደሚከፈቱ፣ ከበሩም ከመድረሳችሁ አስቀድሞ ምን ምን ልታዘጋጁ እንደሚገባችሁ በቅደም ተከተል ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ዕወቁ። የሥልጠና ጥሪ ወጥቶ እስኪዘጋ ድረስ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲሆን፣ ጥሪው የሚጠይቀው የትምህርት ውጤት፣ የዐይንና የጆሮ ጤንነት፣ የእንግሊዝኛ ችሎታና የተስተካከለ ማስረጃ ግን በጥቂት ቀናት ሊገኝ የማይችል የብዙ ዓመታት ፍሬ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን አይቶ መዘጋጀት የሚጀምር ሰው፣ ምንም እንኳ የተፈጥሮ ስጦታው የላቀ ቢሆን፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተዘጋጅቶ ማስታወቂያውን ሲጠባበቅ ከኖረው ጋር እኩል ሊሮጥ አይችልም።

ሙያው ለሀገራችን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባረፈ በዓመቱ ገደማ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ያለ አስተማሪ ብቻቸውን አብርረዋል፤ ሙሉእመቤት እምሩም ከጣሊያን ወረራ በፊት የበረራ ትምህርት ከቀሰሙት መካከል ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ አብራሪዎቹም ሆኑ አስተዳዳሪዎቹ የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ.ደብልዩ.ኤ. ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉም ለዓመታት በረዳት አብራሪነት ካገለገለች በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆና በረረች። ይህን የመጨረሻውን በተለይ የማነሣው፣ በገጠር ወረዳዎቻችን ሴት ልጅ ፊዚክስ ስትወድ እንደ ነውር የሚቆጥሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ስላልጠፉ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ በሩን መምረጥ ነው። ብዙ ወጣት አቪዬሽን የሚለውን ቃል ሲሰማ በኅሊናው የሚሣልበት አራት ወርቃማ ሰረዝ በትከሻው ላይ ያደረገ ካፒቴን ብቻ ስለሆነ፣ ያ አንዱ በር የተዘጋበት ዕለት ሁሉም የተዘጋበት መስሎት ይመለሳል። በሮቹ ግን ከአንድ በላይ ናቸው።

ከሲቪሉ ወገን ዋናው በር ለብዙ ዘመን የአቪዬሽን አካዳሚ እየተባለ የኖረውና ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ በአዲስ አበባ ቦሌ የሚገኘው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ ነው። በዚያ ሠልጣኝ አብራሪዎች፣ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያኖች፣ የበረራ አስተናጋጆችና የመንገደኛ አገልግሎት ሠራተኞች ይሠለጥናሉ፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪዎች ይመጡበታል። አብራሪ ለመሆን የሚገባ ሠልጣኝ ገና ከመነሻው በትልቁ ጄት አይቀመጥም፤ በክፍል ውስጥ ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ አቅጣጫ አወጣጥ፣ ስለ ሞተርና ስለ አየር ሕግ ተምሮ፣ እንደ ሴስና 172 ባለች ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከአስተማሪ ጎን ሆኖ ይጀምራል፤ ከዚያም ሶሎ የሚባለውን ብቸኛ በረራ አድርጎ፣ ወደ ባለ ሁለት ሞተርና ወደ ሲሙሌተር እያለ ደረጃ በደረጃ ያድጋል።

ሁለተኛው በር በቢሾፍቱ ያለው አየር ኃይል ነው። በጣሊያን ላይ ከተገኘው ድል በኋላ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት እንደገና የተደራጀው ይህ ኃይል ወጣቶችን በዕጩ መኮንንነት ተቀብሎ ያሠለጥናል። በዚህ በር የሚገባ ሰው አስቀድሞ ወታደር፣ ቀጥሎ አብራሪ ወይም መሐንዲስ መሆኑን ከልቡ ሊቀበል ይገባል፤ መሐላው የእውነት መሐላ ነው፤ ግዳጁም በወላጅ ልመና የሚላላ አይደለም። ምክሬን የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ወታደርነትን የማይወድ ልጅ ለአውሮፕላኑ ሲል ብቻ ቢሾፍቱ አይሂድ እለዋለሁ።

ሦስተኛው በር ከብዙዎች ዐይን የተሰወረ ነው፤ እርሱም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ነው። ከማማው ላይ ወይም ከራዳሩ ፊት ተቀምጦ አውሮፕላኖች በሰማይ እንዳይጋጩ ርቀታቸውንና ከፍታቸውን የሚወስን ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህን ሥራ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የረጋ መንፈስ፣ ጥርት ያለ ድምፅና ፈጣን የቃል ሒሳብ ያለው ወጣት፣ ቁመቱ አጠረ ተብሎ ከሌላ በር ቢመለስ እንኳ፣ እዚህ ሊቀና ይችላል። አራተኛው በር ደግሞ በግል ገንዘብ የሚገባበት ነው፤ እንደ አቢሲኒያ ፍላይት ሰርቪስስ ያሉ የግል ድርጅቶች የበረራ ትምህርት ይሰጣሉ። ክፍያው ግን ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ እጅግ ከባድ ነውና፣ በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተከራይቶ፣ ከውጭ ካሉ ዘመዶችም ተለምኖ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት፣ ልጁ የአብራሪነት የጤና ምርመራ ማለፉ ይረጋገጥ። በዚህ ቅደም ተከተል ያልሄደ ቤተሰብ ገንዘቡንም ያጣል፣ ልጁንም ያሳዝናል።

ከነዚህ ሁሉ መካከል እንደ እኔ አስተያየት የሚገባውን ያህል ያልተከበረው የጥገና ሙያ ነው። ካፒቴኑ ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን በፊርማው የሚያረጋግጠው የጥገና ባለሙያ ነው፤ የእርሱ ፊርማ ከሌለ አራት ሰረዝ ያለው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አሜሪካዊው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች ይመራ የነበረውና ከጦርነቱም በኋላ ተመልሶ ወጣቶቻችንን ያሠለጠነው፣ በመጀመሪያ የተማረው የመኪና መካኒክነት ነበር፤ በቺካጎ የነበረ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት ሳይቀበለው ሲቀር በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ ትምህርቱን ከክፍሉ ዳር ሆኖ ያዳምጥ እንደ ነበር ይነገራል። ቁልፍና መፍቻ መያዝ የሚወድ፣ በወንድሙ ባጃጅ ሞተር ላይ ተደፍቶ የሚውል ልጅ ካላችሁ፣ ጥገናን እንደ ሁለተኛ ምርጫ ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ምርጫ አስቡለት።

ሁለተኛው እርምጃ ትምህርት ነው፤ በዚህም ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ፈተና በደኅና ውጤት ያላለፈ ልጅ በየትኛውም የአቪዬሽን በር ላይ ሰፊ ዕድል አይኖረውም፤ አንዳንዱ ማስታወቂያ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እስከ መጠየቅ ይደርሳልና። ስለዚህ በኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤትም ተማሩ፣ በአንኮበር ወይም በሌላ ወረዳ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን ምረጡ፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛንም እንደ ሦስት የማይነጣጠሉ ወንድማማቾች ያዙ።

ነገር ግን መጽሐፍ መሸምደድ ብቻውን አይበቃም። የአብራሪነት መመዘኛ ፈተና የሚለካው ሒሳብን በወረቀት ሳይሆን በአእምሮ፣ ያውም ሰዓት እየተቆጠረ፣ የመሥራት ችሎታን ነው። ለዚህ ልምምድ ደግሞ የራሳችሁ ሀገር ከበቂ በላይ ምሳሌ አላት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ያህል ነው። በበረራ ቋንቋ ከፍታ የሚለካው በጫማ ነውና፣ ሜትሩን በ3 አባዙት፤ በተገኘውም ላይ የራሱን ዐሥረኛ እጅ ጨምሩበት። የደብረ ብርሃን 8,520 ሲሆን 852 ሲጨመርበት 9,372 ጫማ ይሆናል፤ ጥንቁቁ ስሌት 9,318 ገደማ ይላል፤ ልዩነቱ በቃል ለተሠራ ሒሳብ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ሌላም ምሳሌ ጨምሬ ላሳያችሁ። ከቦሌ እስከ ደብረ ብርሃን በአስፋልት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በቀጥታ መስመር ቢለካ 60 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ አንድ የባሕር ማይልም 1,852 ሜትር ነው። በሰዓት 120 የባሕር ማይል የምትበር፣ ማለት በአንድ ደቂቃ 2 ማይል የምትሄድ ትንሽ አውሮፕላን ነፋስ በሌለበት በ30 ደቂቃ ትደርሳለች። ከደብረ ብርሃን በኩል በሰዓት 20 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢቀበላት ፍጥነቷ በምድር ላይ ሲለካ ወደ 100 ይወርድና 36 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስትመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋታል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባት እናንተ ተናገሩ፤ ነዳጇም በሰዓት 36 ሊትር ቢሆን ለደርሶ መልስ ስንት እንደሚበቃት አስሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከጓደኞቻችሁ ጋር በየመንገዱ እየተጠያየቃችሁ ከሄዳችሁ፣ በፈተናው ቀን አእምሯችሁ አይደነግጥም።

ፊዚክሱም እንዲሁ ከደጃችሁ ይጀምራል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ የአየር ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ስለሆነ፣ የአውሮፕላንን ክንፍ የሚሸከመው፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት በደጋ ላይ የሚነሣ አውሮፕላን በቆላ ከሚነሣው ይልቅ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። አየር ሲሞቅ ይበልጥ ይሳሳልና፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ውርጭ ባለበት ማለዳ በቀላሉ የምትሸከመውን ጭነት በቀትር እያቃሰተች ልትሸከመው ትችላለች። ይህን ያልተረዳ አብራሪ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ አይቆይም።

በአንኮበር ያላችሁ ደግሞ የሚቀናባችሁ እንጂ የምትቀኑበት ሰው የለም። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቁሙና፣ ከምሥራቅ ከቆላው በኩል የመጣው ነፋስ ገደሉን ተደግፎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ንስሩና ጥንብ አንሣው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በዚያ ላይ ተንሳፍፈው ሲወጡ ተመልከቱ። ነፋሱ ከወዲያ ማዶ፣ ከተራራው ጀርባ ሲደርስ ግን ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚያኛው ወገን ወፎቹ እንዴት ክንፋቸውን እንደሚሰበስቡና እንደሚታገሉ አስተውሉ፤ አብራሪ የሚፈራውም ይህን ወራጅ ነፋስ ነው። ከመቶ ዓመታት በላይ በሚሆን ጊዜ በፊት ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ ተቀምጦ ወፎችን ይሰበስብ ነበርና፣ በዚያ ሀገር ወፍ መመልከት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት። ያያችሁትን በደብተር ጻፉ፤ የቀኑን ሰዓት፣ የነፋሱን አቅጣጫና የደመናውን ዓይነት አስፍሩ፤ ከፊዚክስ መምህራችሁም ጋር ተነጋገሩበት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 ለታዳጊዎች ያቋቋሙት የአየር ሠልጣኞች ጓድ የጀመረው በዚህ ዓይነት የክፍል ትምህርትና የመስክ ልምምድ ነበር፤ በየትምህርት ቤታችሁ የአቪዬሽን ክበብ ለማቋቋምም ከአንድ ፈቃደኛ መምህርና ከጥቂት ደብተር በላይ አያስፈልግም።

ሦስተኛው እርምጃ እንግሊዝኛ ነው። በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሥርዐት፣ ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ አብራሪና ተቆጣጣሪ በስድስት ደረጃዎች ከተከፈለው የንግግር መመዘኛ ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት አለበት። የሚመዘነውም የድምፅ አወጣጥ፣ የሰዋስው አገባብ፣ የቃላት ሀብት፣ የንግግር ቅልጥፍና፣ የመስማትና የመረዳት ኃይል፣ እንዲሁም የመመላለስ ችሎታ ነው። የገጠር ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰዋስውን ያውቃል፤ አፉን ከፍቶ መናገር ግን ያፍራል። ዕፍረቱን የሚያስወግድ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዘወትር ጮክ ብሎ ማንበብና መናገር ነው። አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ እስከ ዙሉ የሚሄደውን የሬዲዮ ፊደል በቃላችሁ ያዙት፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፋችሁ ይህ አይቸግራችሁም፤ ዳዊትን በቃሉ የደገመ ተማሪ በኋላ ዘመን የአደጋ ጊዜ ትእዛዛትን ያለ ወረቀት እንዲያነበንብ ሲጠየቅ ከሌላው ይቀድማል።

ሰዓትንም ከወዲሁ ተለማመዱ። አብራሪዎች በዓለም ሁሉ የሚጠቀሙት አንድ ሰዓት የግሪንዊች ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ 8 ሰዓት ሲሆን፣ በግሪንዊች ደግሞ 5 ሰዓት ነው። እነዚህን መቀያየር ገና ልጅ ሳላችሁ ከለመዳችሁ በኋላ አይምታታባችሁም።

አራተኛው እርምጃ የሰውነት ጤንነት ነው። ለንግድ አብራሪ የሚሰጠው የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ ልብን፣ ሳንባን፣ ጆሮን፣ የአእምሮ ጤንነትንና ከሁሉ ይልቅ ዐይንን ይመረምራል። በዓለም አቀፉ መመዘኛ መነጽር ማድረግ ብቻውን አያስወድቅም፤ በመነጽርም ቢሆን እያንዳንዱ ዐይን 6/9 ማየት ይገባዋል። ቀጣሪው ድርጅት ግን ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጣ ስለሚችል የማስታወቂያውን ቃል ማክበር ያስፈልጋል። ቀለም መለየት ያልቻለ ሰው ይህን የሚያውቀው አንዳንድ ጊዜ በምርመራው ቀን ነው፤ በብዙ ቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተሰወረውን ቁጥር ማንበብ ሲሳነው። ይህ ከልደት ጀምሮ የሚኖርና አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችን የሚያገኝ ነገር ስለሆነ፣ ዓመታት ከመድከም በፊት አስቀድሞ መመርመር ከብዙ ሐዘን ያድናል።

በአማራ ክልል የትራኮማ በሽታ ከሌላው የሀገራችን ክፍል ይልቅ የበረታ እንደሆነ የሚታወቅ ነውና፣ ልጆች ፊታቸውን በንጹሕ ውኃ እንዲታጠቡ፣ ዝንብ በዐይናቸው ላይ እንዳያርፍ፣ ጭስ በሞላበት ማጀት በኩራዝ ብርሃን እንዳያነቡ ወላጆች ይጠንቀቁ። የሚመግል ጆሮ ያለው ልጅም ይድናል ተብሎ አይተው፤ የታመመ ጆሮ በከፍታ ላይ የአየር ግፊት ሲለዋወጥ ያሰቃያልና በጊዜ ይታከም። ጫትና ሲጋራን በተመለከተ ረጅም ስብከት አልሰጥም፤ የሚጠቀም ሰው በምርመራው በር ላይ ሊያዝ ይችላል።

አምስተኛው እርምጃ ማስረጃ ማሰናዳት ነው፤ ይህም ቀላል መስሎ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚሰናከልበት ጉድጓድ ነው። ስማችሁ በ8ኛ ክፍል ካርድ፣ በ12ኛ ክፍል ውጤት፣ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በቀበሌ መታወቂያና በፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን አረጋግጡ፤ በተለይም በላቲን ፊደል ሲጻፍ የአያት ስም አንድ ፊደል በአንዱ ወረቀት ተደግሞ፣ በሌላው ሳይደገም ተጽፎ ይገኛል፤ የፈተናው ኮምፒዩተር ደግሞ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰዎች ይቆጥራቸዋል። የልደት ቀናችሁም እንዲሁ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዘመድ ካላችሁ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመለስ ትክክል መሆኑን ጠይቁት፤ መስከረም 1 ቀን በሦስቱ ዘመናት ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል በዘመነ ዮሐንስ ግን 12 ላይ ይውላልና፣ በአንድ ቀን መሳሳት የተለመደ ነገር ነው። የዕድሜ ገደብ ባለበት ጥሪ ላይ ይህች አንዲት ቀን ልታስቀር ትችላለች።

ስሕተቱ ቢገኝ ማስተካከያው ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይጀምራል፤ ሁሉንም ወረቀት ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ማስማማት ይሻላል። ዕድሜ ለማሳነስ ወይም ለማሳደግ ብሎ ሐሰተኛ ወረቀት ማሠራት ግን በወንጀል ያስጠይቃል፤ ሥልጠናው ተጠናቅቆ ሰውዬው በሥራ ላይ እያለ እንኳ ቢታወቅ ያስባርራል። የተስተካከሉትን ወረቀቶች ሁሉ አንድ ላይ በፋይል አኑሩ፤ ቅጂዎቻቸውንም በስልካችሁ አስቀምጡ፤ ከአንኮበር ወይም ከሌላ ወረዳ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ወረቀት ለማስገልበጥ አንድ ቀን ይሄዳል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ለማንም አይዘገይም።

ስድስተኛው እርምጃ ጥሪውን መጠባበቅ ነው። የአየር መንገዱ ማስታወቂያ በራሱ ድረ ገጽና በጋዜጣ ይወጣል፤ ምዝገባው በኢንተርኔት፣ አንዳንድ ጊዜም በአካል ይከናወናል። የአየር ኃይሉ ጥሪ በመገናኛ ብዙኃን ይነገራል። ከጓደኞቻችሁ ጋር በመተባበር በሳምንት አንድ ጊዜ የእነዚህን ምንጮች መፈተሽ ልማድ አድርጉ። ቁመት፣ ዕድሜ፣ ውጤትና የትምህርት ዓይነት ከጥሪ ወደ ጥሪ ስለሚለያዩ፣ የጎረቤት ልጅ ከጥቂት ዓመት በፊት የገባበትን መስፈርት ሳይሆን ዛሬ በእጃችሁ ያለውን ጽሑፍ ብቻ እመኑ። እዚህ ላይ ደግሞ ወላጆችን ደጋግሜ ላስጠንቅቅ፤ «በገንዘብ አስገባላችኋለሁ» የሚል ደላላ በከተማም በገጠርም አይጠፋም። ቦታውን የሚያሰጠው ፈተና እንጂ ገንዘብ አይደለምና፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ቡና አፍልታችሁ አታስተናግዱት፤ ለፖሊስ ንገሩ።

ሰባተኛው እርምጃ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ነው። ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ በዕለቱ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ለመነሣት አታስቡ፤ ከዋዜማው ጀምራችሁ ውረዱ፤ ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ፈተናው ቦታ ያለውንም መንገድ አስቀድማችሁ ሂዱበት። ልብሳችሁ ንጹሕና ቀላል ይሁን፤ የተዋሱት ኮት ከሰውነት ጋር ሲጣላ ይታወቃል። በቃለ መጠይቅ «ለምን አብራሪ ለመሆን ፈለግህ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» የሚለውን መልስ ጠያቂዎቹ አያሌ ጊዜ ሰምተውታል። ይልቅስ ያነበባችሁትን፣ ያስተዋላችሁትን፣ በክበባችሁ የሠራችሁትን በአጭሩ ተናገሩ። ያላወቃችሁትን ደግሞ አላውቀውም በሉ፤ በኮክፒት ውስጥ ግምትን እንደ ዕውቀት የሚያቀርብ ሰው አደገኛ መሆኑን ጠያቂው ያውቃል።

ስምንተኛው እርምጃ፣ ያለፋችሁ እንደሆነ፣ ውሉን አንብቦ መፈረም ነው። በአየር መንገዱ ወጪ የሚሠለጥን ዕጩ ከተመረቀ በኋላ ለተወሰነ ዘመን በድርጅቱ ለማገልገል ይገደዳል፤ ዋስም ይጠራል። ዋስ የሚሆን ዘመድ በልቅሶና በሠርግ መካከል በችኮላ የሚፈረም ነገር አድርጎ እንዳይወስደው፣ ልጁ ቢያቋርጥ የሚከፈለው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ከነዝርዝሩ አስነብቡት። ከዚያ ወዲያ ያለው ትምህርት ነው፤ ትምህርቱም ረጅም ነው። በዓለም አቀፉ ሥርዐት የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 17 ዓመት መሙላትና 40 ሰዓት መብረር፣ የንግድ አብራሪ ለመሆን 18 ዓመትና 200 ሰዓት፣ በተፈቀደ የሥልጠና ሥርዐት ከሆነ ደግሞ 150 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በትልቅ አየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን የሚያበቃው ከፍተኛው ፈቃድ ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ ልጁ በገባ በዓመቱ ካፒቴን ሆኖ ይመጣል ብሎ ለመንደሩ የሚያወራ አባት ልጁን ያሳፍረዋል።

ያላለፋችሁም ብትሆኑ ጥሪው አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። በዕድሜ ገደቡ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ እንደገና ተወዳደሩ፤ በየትኛው ክፍል እንደወደቃችሁ ለይታችሁ እርሱን አጠናክሩ፤ ሌላውንም በር፣ ጥገናውን ወይም ተቆጣጣሪነቱን፣ አንኳኩ። ወላጆች ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለገበያ ደብረ ብርሃን ስትወጡ ልጃችሁን አስከትላችሁ ዐይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ ሴት ልጅም ብትሆን እንዲሁ አድርጉ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱንም ከትምህርት ማስረጃው ጋር በዚያው ቀን አስተያዩ።